የጣልካቸው ደብዛዛ ኩዌዛሮች

ውድ ችኩሉ፣

ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። መልእክት ስልክልህ «እሺ፣ አያለሁ» አልክ፤ አላየህም። ይኼንንም እስከ መጨረሻው ባታነበው አይገርመኝም።

ሥራ ለቀህ ስትሄድ ሁሉም ተጣርቷል፣ የቀረሽ ብዛታቸውን የሚያሳየውን የግራፍ ኩርባ መሣል ብቻ ነው አልከኝ። አመንኩህ። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ኩዌዛር ስንቆጥር ኖረን እንዴት አላምንህ? ታናሽ እህቴ ኩዌዛር ምንድን ነው ስትልህ፣ በሩቅ ጋላክሲ መሃል ያለ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ሲውጥ የሚንቦገቦግ ብርሃን እንደሆነ፣ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ዘግይቶ ስለሚደርስ የምናየው የጥንቱን እንደሆነ አስረዳሃት። እኛ ደግሞ በየዘመኑ ስንቱ ደማቅ፣ ስንቱ ደብዛዛ እንደነበር እንቆጥራለን አልካት። እስካሁን በአንተ ትምላለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ውጤታችንን ይዤ ገምጋሚዎቹ ፊት ቆምኩ። በጥንቱ ዘመን ደብዛዞቹ እምብዛም አልነበሩም፣ ደማቆቹ ቀደሙ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። መምህራችን መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ አልነበሩም ወይስ አላያችኋቸውም?» አሉኝ። ሄጄ ላጣራ አልኩ። ምረቃዬ ተራዘመ።

ተመልሼ ፋይሎችህን ስበረብር፣ «ቆሻሻ» ብለህ በሰየምከው ማህደር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ደብዛዛ ነጥቦች አገኘሁ። አንድ በአንድ ማየት ታክቶህ በጅምላ ጥለሃቸዋል። ቀኑን አየሁት፤ እናትህ ታመው ሆስፒታል የምትመላለስበት ሳምንት ነው። ታዲያ «ደክሞኛል፣ ይቺን ጨርሺልኝ» ብትለኝ ምን ነበረበት? እያጉረመረምኩም ቢሆን እጨርስልህ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ስህተቱ አይደለም፤ ዝም ማለትህ ነው።

ስምንት ቀን ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ አየኋቸው። መቶ ስልሳዎቹ እውነተኛ ኩዌዛሮች ናቸው። ኩርባው በደብዛዞቹ በኩል ሽቅብ ወጣ፤ ለካ ያኔም ከደማቆቹ ጋር አብረው ነበሩ። ትናንት ጠዋት ለመምህራችን ሳሳያቸው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«የሁለታችንም ነው» አልኳቸው። ይህን ስልም በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ስምህን ከምርምር ጽሑፋችን አውጪው ያሉኝ አሉ። አላወጣሁትም። ግን ያላንተ ፊርማ ለኅትመት አይላክም፣ ፊርማህን ደግሞ በፖስታ አልቀበልም። ሐሙስ ከምሳ በፊት መጥተህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ መቶ ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አይተህ ትፈርማለህ። እኔም የልቤን እነግርሃለሁ፤ አንተም ትሰማለህ። ከዚያ በኋላ ምሳ እንበላለን።

ገና ያልበረደላት ባልደረባህ