«ዘር» ያልኩ ዕለት

የእኔ ዶክተር ወገብ፣ ትርንጎዬ፤

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሞላ። ከተማችን ቆሰበር እንደተውሻት ናት፤ ጭጋጉ አርፍዶ ይነሳል፣ ባጃጁ ጭቃ ይረጫል፣ እኔም የቀርከሃ ወንበሬን እሠራለሁ። አጎትሽ ግን እንደተውሽው አይደለም። ራሴን ተጸይፌዋለሁ።

«ዶክተር ወገብ» የሚለውን ስም ያወጣሁልሽ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣሽ ጊዜ ነበር። የምታጠኚው የክሮሞዞም ወገብ ሲሰበር እንዴት እንደሚጠገን ነው ስትዪኝ፣ «እስቲ መጀመሪያ የእናትሽን ወገብ ጠግኚ» ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺም ሳቅሽና ከሥራዬ ላይ አንድ ቀርከሃ አንስተሽ አንጓውን «ወገቡ ይኸውልህ» ብለሽ አሳየሽኝ። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚጎተተው በዚህ ቦታ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ደግሞ አንድ ቃል ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ነው፤ ስለዚህ ሲሰበር የሴሉ ጠጋኝ ቦታው ይጠፋበትና ከማይሆን ጋር ሊቀጥለው ይችላል አልሽኝ።

ከዚያ የደም ካንሰር መጣብሽ። ሐኪምሽ ከእናት ከአባት የወረስሽው እንዳልሆነ፣ በራስሽ ሴሎች ውስጥ የደረሰ ጉዳት እንደሆነ በግልጽ ነገረን። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ለቅሶሽ ላይ ምን ገደላት ሲሉኝ አዋቂ መምሰል አማረኝና «ዘሯ ከወገቡ ተሰብሮ ነው» አልኩ። ዘረመል ማለቴ ነበር፤ ግማሹን ዋጥሁት። ድንኳኑ ግን የቤተሰቡ ዘር ብሎ ሰማ። ንፍሮው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እስኪዞር «ዘራቸው የተሰበረ ነው» ተባለ፤ እኛ ድንኳኑን ሳናፈርስ «ዘራቸው ልክፍት አለበት» ሆነ። ጠዋት «ወይኔ ትርንጎ» ሲል ያረፈደ አፍ ነው፣ ከሰዓት ይህን ያመነዠከው። ቃል ሲደጋገም ቦታው ይጠፋል ያልሽኝን በዓይኔ አየሁት።

እህትሽን ብርቄን ያጨው የአዲስ ቅዳም ልጅ ቤተሰቦች ሠርጉን አቆሙት። «እስኪጣራ» አሉ። እንደሚገዛ ፈረስ! ብርቄ አላለቀሰችም፤ እኔን ማናገር ብቻ ተወች። ምሳዬን አስቀምጣ ትወጣለች።

ብዙ ጊዜ ጎረቤቱን ስረግም ከረምኩ። በኋላ ግን የመጀመሪያው አፍ የእኔ መሆኑን መሸሽ አቃተኝ። ባለፈው እሁድ ቀርከሃ ተሸክሜ ወደ አዲስ ቅዳም ሚኒባስ ገባሁ። አንድ ተሳፋሪ «ጋሼ፣ ማንን ሊገርፉ ነው?» አለኝ። «ራሴን» አልኩት።

በሙሽራው አባት ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ቀርከሃውን ሰነጠቅሁላቸው። የተሰነጠቀው ይህ አንዱ ነው፤ የተቆረጠበት ሥር እዚያው አለ፣ ደህና ነው፣ ያቆጠቁጣል አልኳቸው። የሐኪሙንም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የልጁ እናት ስንጣሪውን አገላብጣ አየችና፣ እንደምሰማት እያወቀች፣ ለባሏ በአገውኛ «ይህ ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለችው። ሲሸኙኝ በሚመጣው እሁድ እንመጣለን አሉ። ምን ይዘው እንደሚመጡ አላውቅም።

ዛሬ ብርቄ፣ አዲስ ቅዳም ሄጄ የተናዘዝሁትን ሰምታ፣ ምሳዬን አስቀምጣ አልወጣችም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «እስቲ ይበሉት፣ ሙሉውን» አለችኝ።

«ዘረመል» አልኩ።

«እንደገና።»

«ዘረመል።»

እንግዲህ ትርንጎዬ፣ እስከምሞት ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ቃሉን ሳልቆርጥ እላለሁ።

አጎትሽ