ለእንግዳዋ ያደረግሁት ንግግር

ለልጄ ለሞኤላንጊ፤ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የኒውዚላንድ ብርድ አጥንትሽ ድረስ አልገባም ወይ? ፖም ስትለቅሚ የምትወጪበት መሰላልስ ደህና ይቆማል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ አሁንም አኩርፋኛለች። ይህን የሚጽፉልኝ የፓስተሩ ሚስት ሉይሳ ናቸው። የምለውን እንዳያሳምሩት ነግሬያቸዋለሁ።

ያን ቀን ባላነሣው ደስ ባለኝ፤ ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። ሰባት ወር ሙሉ ባሕሩ ዳር ባለችው ቤታችን፣ ኔትወርክ በሚገኝባት ጥግ ተቀምጠሽ ለማታውቂያቸው ድርጅቶች ስትጽፊ ከረምሽ። ማሽን እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚጠገን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከመንደሬ ሆኜ ልጻፍላችሁ ማለትሽ ነበር። እኔ ደግሞ «ተቀምጦ መዋልማ ዶሮም ታውቅበታለች፤ እሷስ እንቁላል ትጥላለች» እያልኩ ሳቅሁብሽ።

በመጨረሻ አንዲት የሜልቦርን ሴትዮ ለሥራው ልታነጋግርሽ በላፕቶፑ ብቅ አለች። እንግዳ ቤቴ ገብታ፣ እኔ የመንደሩ ተናጋሪ አለቃ፣ እንግዳ ሁሉ በንግግሬ የሚገባ፣ ዝም ልል? በትሬን ይዤ ቆምኩና ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሬ የአቀባበል ንግግሬን አወረድኩት። «አባባ፣ ፈተና ላይ ነኝ እኮ፣ እባክዎ!» ስትዪኝ፣ «ዝም በይ! እንግዳ ሳይከበር ምን ሥራ አለ?» አልኩሽ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀጥላ ሰዓቷን አየች። እኔ ሳልጨርስ የገዛሽው ኢንተርኔት አለቀና ፊቷ ጠፋ። በማግስቱ፣ ጸጥታ ካለበት ቦታ የሚሠራ ሌላ ሰው እንዳገኙ ጻፈችልሽ። አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ፖም ለቀማ ሄድሽ። ለጠየቀኝ ሁሉ «እኔ ነኝ የላክኋት» አልኩ። ዋሸሁ።

ባለፈው ሳምንት የመንደሩ የውሃ ሞተር ቆመ። ለናሙና ብለሽ ስለ እሱ የጻፍሽውን ወረቀት ሉይሳ አነበቡልኝ። «መጀመሪያ ይህን ዝጋ፤ ቀጥሎ ያንን ፍታ» ይላል። ትርፍ ቃል የለውም። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ በገዛ እጄ ሠራሁት፤ ውሃው መጣ። ዕድሜዬን በንግግር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ንግግር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። እንደ ደንባችን የበደለ ሰው ምንጣፍ ተከናንቦ፣ ይቅር ብለው ምንጣፉን እስኪያነሡለት ድረስ በተበዳዩ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አባት ለልጁ እንዲህ ሲያደርግ ታይቶ አይታወቅም ቢሉኝም አደርገው ነበር። ደጅሽ ባሕር ማዶ ሆነብኝ እንጂ።

ለአክስትሽ ለታሊቶኑ፣ ለባሏ ለኤሊ፣ ለመንታዎቹም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች። እኔን ግን ደጅሽ ላይ ተቀምጬ እንዳለሁ ቁጠሪኝ፤ ምንጣፉን ካላነሣሽልኝ አልነሣም።

አባትሽ ሌሞአና
ሳሌአ መንደር፣ ሳቫይ ደሴት፣ ሳሞአ
ኤፕሪል 14 ቀን 2023