ሐሙስ ከሰዓት በሞሚና ቤት

አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ባየች፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አልቻልኩም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈተልን። አግዳሚዎቹን ምስጥ በልቷቸዋል፤ ጣሪያው ግን ደህና ነው። ባለፈው ሐሙስ ከድሮዎቹ የቀረነው ሰባት ሴቶች ተሰብስበን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን እንደገና ይጀመር ተባለ። አዳነች፣ እትዬ ባየች ሚኤሶ ስለሆኑ የምትመሪን አንቺ ነሽ አለችኝ። ሁሉም ተስማሙ።

በ1971 በሩ ሲታሸግብን፣ እኛ እንበተን ስንል እርስዎ ሄደው ጎረቤትዎን ሞሚናን ለመኑልን። የጫት ነጋዴ ቤት ሰው ሲገባ ሲወጣ ስለሚውል ማንም አይጠረጥርም ብለው ነበር። እሷም ብዙ አልጠየቀችም። «የነቢዩ ኢሳን ነገር አይደል የምታነቡት? ቤቴ ቢነበብ ግድግዳው አይፈርስ» ብላ የጓዳዋን መጋረጃ ገለጠችልን። በየሐሙሱ ከሰዓት እሷ ደጅ ጫቷን ስታስር፣ እኛ ውስጥ እናነብ ነበር።

አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡና፣ እናንተ በዚያ ሰው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር ብለው ይጠይቁን ነበር። ፊደል ሳይቆጥር እንደ እርስዎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ተመዘገቡና አስተማሪዎ እኔ ሆንኩ። በ1972 በፋሲካ ሰሞን፣ ጣትዎ ከመስመሩ ሳይነሣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አነበቡልን። ሞሚና ሥራዋን ትታ በመጋረጃው ብቅ ብላ ሰማችዎት።

ግንቦት ላይ ቀበሌ ተጠራሁ። አልመቱኝም። ሊቀመንበሩ የአስተማሪነት ሥራዬን እወደው እንደሆነ ጠየቀኝና ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። የምትሰበስባችሁን ሴት ስም ብቻ ጻፊ አለኝ። ስምዎን ጻፍኩ። ፈረምኩም። በማግሥቱ እርስዎን ሲወስዱዎት እኔ ክፍል ውስጥ ሀ ሁ አስተምር ነበር።

እርስዎ የማንንም ስም አልሰጡም። የቤቱ ባለቤት ምን እንደምናደርግ አታውቅም ብለው ሞሚናንም አዳኗት። በታሰሩበት አሥር ወር ስንቅ ያመላለሰችልዎት እሷ ናት። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልመጣሁም። ተፈተው ወንድምዎ ዘንድ ሚኤሶ ሲሄዱ እጄን ይዘው «በርቺ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰላምታዎ ከመንገደኛ ጋር ሲደርሰኝ፣ አያውቁም ማለት ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ግን በእርስዎ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ተነሥቼ፣ ስማቸውን ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አዳነች ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ በዚያው ሞሚና ዘንድ ሄድኩና ነገርኳት። የምታስረውን ጫት አስቀመጠች።

«ባየች ታውቃለች» አለችኝ።

አላመንኳትም።

«ወላሂ ታውቃለች። ሲመረምሯት ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንበብ የምትችል አልመሰላቸውም። ስምሽን አነበበችው። ስንቅ ሳደርስላት ነገረችኝና፣ አይናዲስ ራሷ እስክትናገር ድረስ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቻለችው ጠየቅኳት። «መሐላ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለች። «ሰላምታሽን ለመመለስ ግን ምራቄን የምውጥበት ቀን ነበር።»

እትዬ፣ እኔ ባስተማርኩዎት ፊደል ክህደቴን አነበቡ። እያወቁ አሥር ዓመት ስሜን እየጠሩ ሰላም አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ መበደሌ ብቻ አይደለም፤ መጠበቅዎ ነው። እኔ ተደብቄያለሁ ስል እርስዎ ይጠብቁኝ ነበር።

ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅዎትም። ቅዳሜ በጧቱ አውቶቡስ ሚኤሶ እመጣለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለጉ በርዎን ይዝጉ፤ አልቀየምም፤ በከሰዓቱ መኪና እመለሳለሁ። ሞሚናም ናፍቀዋታልና አብራኝ ትመጣለች። ስለ እኔ ትለምንልኝ እንደሆነ ብጠይቃት ግን እንዲህ አለችኝ፤

«እኔ እስከ በሩ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አፍ አለሽ።»

የበደለችዎት፣
አይናዲስ