የእማዬ ዋጋ

ይድረስ ለወንድሜ ለሆሴዕ፣ ጆሃንስበርግ። ሰላምህ ይብዛልኝ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡም ጥሩ ነው።

ሱቅህ በር ላይ የተለጠፈውን የማስፈራሪያ ወረቀት ፎቶ አየሁት። የጠየቅከኝ የእንግሊዝኛ ቃል፣ «አንደርከት»፣ ከጎረቤት ዋጋ አሳንሶ ሸጦ ደንበኛውን መውሰድ ማለት ነው። ማን እንደለጠፈው ግን አልነገርከኝም።

እማዬ ሆመቾ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ሁሌ ከሌሎቹ ቀንሳ እንደሆነ ታውቃለህ። ሴቶቹ ይስቁባታል እንጂ አይቀየሟትም። አንተም ከእሷ ነው የለመድከው። የወረቀቱን ነገርና የቃሉን ትርጉም ነገርኳት። ባለፈው ገበያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ዋጋ ጠርታ ዋለች፤ ግማሹን መልሳ ተሸክማው መጣች።

ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ «ዋጋውን እንደ ጎረቤቶቹ ያድርግ፣ ባይሸጥለትም ግድ የለም» ብላለች።

እህትህ ሮዳስ