ፊትሽን ያለሰለሱብኝ ፎቶ

ታላቅ እህቴ ቲጂዬ፣ እንዴት ነሽ? ከሄድሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ስሞታም ነው። ከአንቺ ሌላ የሚገባው ሰው ስለሌለ ላንቺው አቀርበዋለሁ።

ለአርባሽ ፎቶሽ ይታተም ተባለ። አጎታችን ደረጀ፣ ብስራተ ገብርኤል አንድ ቪላ አጥር ሥር ያነሳሁሽን መርጦ ጎፋ ማተሚያ ቤት ወሰደው። በትልቅ ፍሬም ሆኖ ሲመጣ አላወቅሁሽም። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሥዕል አስመስሎሻል። ፊትሽ እንደ አሻንጉሊት ለስልሷል፣ የግንባርሽ ጠባሳ ጠፍቷል፣ ተደራራቢው ጥርስሽ ተስተካክሏል። ከኋላሽ የነበረውን የአጥር አበባ ቆርጦ ጥሎ ከኢንተርኔት ያወረደውን ቱሊፕ የሚባል የፈረንጅ አበባ ደርድሮበታል። ቱሊፕ! እኛ ሰፈር፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ቱሊፕ አይቶ ያውቃል?

ሰው ሁሉ ግን «እንዴት አምሮባታል፣ ሥዕል እኮ ነው የምትመስለው» ይላል። «ይሄ እሷ አይደለችም» ብዬ ለአጎታችን ስነግረው «አንተ ልጅ፣ በለቅሶ ቤት ስለ ፎቶ ትነታረካለህ?» አለኝ። ስለ ምን ልነታረክ ታዲያ? የቀረን ፎቶሽ ነው።

አንቺ እኮ ያነሳሻትን አንዲት የአበባ ፎቶ ኮምፒውተርሽ ላይ ሥዕል ለማስመሰል ቅዳሜሽን ሙሉ ትጨርሺ ነበር። መጀመሪያ የጀርባውን ግርግር ታደበዝዢዋለሽ፤ ከዚያ ብሩሹን ቅጠሉ ባደገበት አቅጣጫ እያስኬድሽ ቀስ በቀስ ትቀቢዋለሽ። ከጎንሽ ቁጭ ብዬ የተበሳውን ቅጠል ድፈኚው ስልሽ «ትሉ ቁርሱን በልቶ ሄዷል፣ አንተ ምን አገባህ?» ትዪኝ ነበር።

ያን ቀን አጥሩ ሥር የአበባ ፎቶ ስታነሺ የቪላው ዘበኛ ዱላውን ይዞ «እናንተ አበባ ቀጣፊዎች!» እያለ ሲመጣ፣ እኔ ልሮጥ ስል አንቺ ስልክሽ ላይ ሥዕል ያስመሰልሻቸውን አበቦች አሳየሽው። ወዲያው ኮፍያውን አስተካክሎ «እኔንስ እንዲህ አታደርጊኝም?» አለሽ። ያኔ ነው ስልኩን ተቀብዬ እየሳቅሽ ያነሳሁሽ። የወሰዱብን ያንን ሳቅ ነው።

ቤቱ ጭር ብሏል። ፍራሾቹ ተነስተዋል፣ አክስቶቻችን ወደየቤታቸው ሄደዋል። እማዬ ፎቶው ፊት ብዙ ትቆማለች። አንድ ቀን «ጥርሷ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቲጂ፣ የወለደችሽን እናት አጠራጠሯት! ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተርሽ ላይ እየተቀመጥኩ ዋናውን ፎቶ ራሴ ሠራሁት። አበባውን እንዳሳየሽኝ ቀባሁት። እጄ እንዳንቺ አይደለም፣ አንዳንዱ ቅጠል ጎመን መስሏል፤ ሳቂብኝ። ፊትሽን ግን አልነካሁትም። እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም፤ ጠባሳሽንም ጥርስሽንም እንደነበሩ ይዣቸው አድጋለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ እማዬ ካንቺ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቋን ልትከፍት ወጣች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ቁርስ አልበላሁም። ወንበር ላይ ወጥቼ ፍሬሙን ከግድግዳው አወረድኩት፣ የሠራሁትን አትሞ እንዲተካልኝ በፍላሽ ያዝኩ፣ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ፍሬሙን አይቶ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ፤ ከፈልኩ። ጎፋ ስደርስ ማተሚያ ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበር። መንገደኛው ያንን ፊት አንቺ ነሽ ብሎ እንዳያይ ፍሬሙን ወደ ራሴ አዙሬ፣ ልጁ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።