ከጠባሳው በታች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? የበቆጂ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ። እማዬም ሆስፒታል ተኝታ ነርሶቹን ሁሉ ልጆቿ አድርጋቸዋለች፤ ለአንዷማ ባል እየፈለገችላት ነው።

ያን ዕለት በስልክ ስትጠይቂኝ ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ዘጋሁብሽ። አልጠፋም ነበር። መጻፉ ቢሻለኝ ነው።

ከእማዬ ተረከዝ የተቆረጠችውን ሥጋ እኔው ራሴ በማይክሮስኮፕ አየኋት። ሥራዬ ይኸው አይደል፣ ደህናውን እብጠት ከካንሰሩ መለየት። ደህናው ጨዋ ነው፤ ሴሎቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እያነሱ፣ እየተረጋጉ ይሄዳሉ። ክፉው ግን ታችም ወርዶ ይራባል። አንቺ ኪንታሮት መስሎሽ በፈረስ ጭራ አስረሽ የጣልሽበት ቦታ ጠባሳ ሠርቷል። ጠባሳ ደግሞ ያታልላል፤ እንደ እማዬ ያለ ጥቁር ነጥብ ደህና ቢሆንም እንኳ ተመልሶ ሲበቅል ካንሰር ያስመስለዋል። ይህችን ተስፋ ሙጭጭ ብዬ ያዝኳት። የሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው እፈርድ ነበር።

ሲቸግረኝ ሥጋዋ ያለችበትን የማይክሮስኮፕ መስታወት ለባልደረባዬ ለዶክተር ነቢላ ሰጠኋት፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ላዩን ትቼ ከጠባሳው በታች እንድመለከት ነገረችኝ። አየሁ። እዚያም ይራባል። ካንሰር ነው፣ እህቴ። ብሽሽቷ ላይ ያበጠውም እሱው ተዛምቶ ነው።

አንቺ ስላሰርሽው አልመጣም። ከጠባሳው በታች ያለው ከጭራው በፊት የነበረ ነው። ይህን ልምልልሽ እችላለሁ።

አምና አንድ የኢተያ ገበሬ ይኸው በሽታ ገና ከላይ ሳለ መጣ። ተቆርጦለት ዘንድሮ ስንዴውን በእግሩ ቆሞ አሳጨደ። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ከማሰር ፈንታ ያኔውኑ አሰላ ባመጣት ኖሮስ ብለሽኛል። ያው ነበር። ምንም አይለወጥም ነበር። ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ቅዳሜ ነይ። በሶ አምሯታል፣ ይዘሽላት ነይ። ሐኪሞቹ እግሯን አንቆርጥም ስላሉ ደስ ብሏታል፤ የዳነች መስሏታል። ለአልጋ ጎረቤቷ የትልቋ ልጄ እጅ መድኃኒት ነው፣ ዓመት ሙሉ አሳርፋኛለች ስትል ሰማኋት። ዞር ብላ አይደለም ወይ ስትል እኔንም ጠየቀችኝ። እውነትሽን ነው አልኳት። አንቺም ስትመጪ እንዲሁ በያት።

እመ ብርሃን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፣ ልቦናሽንም ታሳርፍልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ