«ሥራ ላይ ነኝ» ያልኩሽ ቀን

ከእናት ሳታንሺ ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት አድርጎሻል? ያ ከትከሻሽ እስከ ክርንሽ የሚወርደው ቁርጥማት ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም አባባን ከአልጋ ባነሳሽው ቁጥር ይነሳብሻል? አባባስ እንዴት ነው? እህል ይወስዳል? ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል? ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዴት አደረገው? የትንሿ ልጅሽ፣ የሳቂታዋስ የወለቀ ጥርስ በቀለ? እኛ ሁላችንም በአካል ደህና ነን። «በአካል» ማለቴን ልብ በዪልኝ፤ የቀረውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

ወረቀቱን ስታዪ ደንግጠሽ «ምን ሆኑ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው? ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። ግን አንብበሽ እስክትጨርሺ ስልክ እንዳታነሺ። አባባ ሲያሸልብልሽ ጠብቂና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ወር «ሁለት ሳምንት መጥተሽ አባባን ያዢልኝ፤ እኔም ወገቤን ልታሽ፣ ትንሽ ልተኛ» ብለሽ ስትለምኚኝ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለችኝ አልኩሽ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰው አጥሮታል፣ አንሶላው ተራራ አክሏል፣ «ደቂቃ» የምንላት አለቃዬ ደግሞ ልቧ ድንጋይ ነው አልኩሽ። ሻይ ጠጥተን በተመለስን ቁጥር ሰዓቷን ስለምታይ ነው እንዲህ የምንላት። አንቺም አምነሽኝ «ልቧን ያራራልሽ፤ በጸሎቴ አስባታለሁ» አልሽኝ። እታለም፣ ስትጸልዪ የሰነበትሽው ምንም ላልበደለች ሴት ነው። ደቂቃ በጠየቅኳት ቀን ወረቀቱ ላይ ፈርማ «ዘጠኝ ቀን አለሽ፤ ሂጂ ከልጆችሽ ጋር ተጫወቺ» ብላኝ ነበር።

ለምን እንደዋሸሁሽ ራሴን ስጠይቅ ራሴንም ስዋሽ ነው የከረምኩት። ልጆቹ ገና ጨቅላ ናቸው፣ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ አይችሉም እያልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ስደውል አባባ ስልኩን አንስቶ «ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን ብነግረው «የማን ልጅ?» አለኝ። አንቺ ቶሎ ተቀብለሽው «ዛሬ ድክም ብሎት ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቆሜ አባቴ እንደ ባዳ ሲያየኝ ነው የሚታየኝ። እሱን ላለማየት ስል ሸክሙን ሁሉ አንቺ ጀርባ ላይ ተውኩት።

ባሌን ታውቂዋለሽ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያመላልስ ይከርምና የራሱን ልጆች ጠግቦ የሚያያቸው ትምህርት ሲዘጋ ነው። መጀመሪያ ያሰበው ወደ እናንተ ለመምጣት ነበር። «መኪናዋን አስጠግኜ ሁላችንም አባባ ዘንድ እንሂድ» አለኝ። እሱንም ዋሸሁት። «እታለም ዘንድሮ ይቅርባችሁ፣ ቤቱ ለልጆች አይመችም ብላለች» አልኩት፤ በአፌ ሳይሆን በአፍሽ ተናገርኩ። ትንሽ ቅር አለውና «እንግዲያው ሩቅ ካልሄድን ቅርብ እንሂድ» ብሎ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ሐይቅ መረጠ። ሁለት አዳር ልናድር ተነሳን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ጭኜ ነው መኪና ውስጥ የገባሁት።

የልጆቹን ነገር ብታዪ! ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አፏ ስለማያርፍ አባቷ «ጥያቄ» ይላታል። ሳምንት ሙሉ ቦርሳዋን ስታስር ስትፈታ፣ «ሐይቅ በር አለው? ዓሦቹ ሲጠማቸው ምን ይጠጣሉ?» እያለች ስታደርቀን ሰነበተች። የሦስት ዓመቱ ድቡልቡል ደግሞ የመታጠቢያ ባልዲውን ካልያዝኩ አልሄድም ብሎ አልቅሶ፣ ባልዲውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ነው የተሳፈረው። ገና ከከተማው ሳንወጣ የበላውን እንቁላልና ሙዝ በሙሉ አባቱ ማጅራት ላይ መለሰው። «ሃምሳ ልጅ ጭኜ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አለ ባሌ፤ እስኪያነባ ሳቀ። ሸሚዙን ሊያጥብ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብተን ቆምን።

ድቡልቡል ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ባሌ ቧንቧው ጋ ሸሚዙን ያሻል። እኔ ጥያቄን ሽንት ቤት አስገብቼ በሩ ላይ ስጠብቃት ስልኬ ጮኸ፤ አንቺ ነሽ። «ሥራ ላይ ከሆንሽ ልዝጋው?» አልሽኝ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ግን ለአንቺ ጊዜ አላጣም» አልኩሽ። አጠገቤ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሞ ነበርና «ምንድን ነው እንዲህ የሚያጓራው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «የማጠቢያ ማሽኑ ነው» አልኩሽ። እንዴት ቶሎ እንደመጣልኝ!

ይሄኔ ጥያቄ እጇን እያራገፈች ወጣች። ገና አፏን ስትከፍት በመዳፌ አፍኜ ያዝኳት። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ «አክስትሽ ስልኩን እስክትዘጋ ድምፅሽ እንዳይሰማ! ትንፍሽ እንዳትዪ! እዚያ ሄደሽ ቁጭ በይ!» ብዬ ከግንቡ ጀርባ ጎማ የተከመረበትን አሳየኋት። ዓይኗ ፈጠጠ። እንደዚያ ተቆጥቻት አላውቅም። እየሮጠች ሄደች።

አንቺም የደወልሽበትን ነገርሽኝ። «አባባ ከትናንት ጀምሮ በስምሽ ነው የሚጠራኝ። አቤት እለዋለሁ። አቤት ስለው ፊቱ ይበራል» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ መሐል ላይ ድምፅሽ ቆረጥ ሲል ሰምቻለሁ፤ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ቀጥለሽም «በይ ሥራ አላስፈታሽ፤ እጅሽ ይባረክ» ብለሽ ዘጋሽው። ይረሳኛል ብዬ የሸሸሁት አባቴ ስሜን ሲጠራ ውሎ አድሯል፤ እኔ በተጠራሁበት አቤት የምትዪው አንቺ ነሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በደንብ አላስታውሰውም። ፊቴን ታጠብኩ። ባሌ ጥሩምባ ነፋ። በግንቡ በዚህኛው በኩል ዞሬ መጥቼ ከፊት ተቀመጥኩ። «ሁሉም ገቡ?» አለኝ። በየቀኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያስገባ ሰው ያን ቀን ያልቆጠረው እናታቸው አለች ብሎ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከምሯል፤ ጥያቄ ስታኮርፍ ብርድ ልብስ ውስጥ መደበቅ ልማዷ ነው። ዞሬ ሳላይ «አዎ፣ ንዳ» አልኩት።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጓዝን ድቡልቡል ነቃና «እሷስ?» አለ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ባርኔጣዋ ብቻ አለ። እታለም፣ የዚያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ጩኸት የሰው አልነበረም። መንገዱ መሐሉን በግንብ የተከፈለ ነው፤ መዞሪያ እስክናገኝ ከልጃችን እየራቅን ወደ ፊት መንዳት ነበረብን። ባሌ መዞሪያ እየፈለገ ነዳጁን ረግጦ ይነዳል። እኔ የጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር «ወስዷት ይሆን?» እያልኩ የሾፌሩን ወንበር አያለሁ።

ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። ከግንቡ ጀርባ ካስቀመጥኳት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። አጠገቧ እጁ በቅባት የጠቆረ ሽማግሌ ጎሚስታ ጎማውን ትቶ ተቀምጧል፤ ፀሐይ እንዳይመታት ኮቱን በሁለት ብረት ላይ ዘርግቶላታል። ሲያየኝ ተነስቶ «እናትየዋ ነሽ? ልጅሽ መናገር አትችልም እንዴ? ስሟን ብጠይቃት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች» አለኝ። አቀፍኳት። ጆሮዬ ስር ገብታ በሹክሹክታ «እማዬ፣ አክስቴ ስልኩን ዘጋች?» አለችኝ።

እዚያው ጎማው መሐል ተዘረፈጥኩ። ሽማግሌው አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀምጣ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አለኝና ኮቱን አራግፎ ለበሰ። ባሌ የልጅቷን ጥያቄ ሰምቷል። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ «የምን ስልክ ነው?» አለኝ። ልጆቹ ፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ ደቂቃንም፣ ዘጠኙንም ቀን፣ በአፍሽ የተናገርኩትንም። መስታወቱን አስተካከለና «እኔኮ ታላቅ እህትሽ እንዳንመጣ አለች ብዬ ተቀይሜያት ነበር» አለ። ሞተሩን አስነሳ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር።

ወደ ቤት እንመለስ አልኩ፤ ድቡልቡል እሪ አለ። ስለዚህ ሄድን። ማረፊያው ሁለት አልጋ ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ በመኪና ማቆሚያው ላይ ይከፈታል። ድቡልቡል ሐይቁን በባልዲው ቀድቶ ሊጨርሰው ሁለት ቀን ሙሉ ለፋ። ጥያቄ የመጀመሪያውን ቀን የምትናገረው በሹክሹክታ ነበር፤ «እሺ ጩሂ፣ አሁን ማንም አይሰማም» ብላት ግራ ተጋብታ ታየኛለች። በማግስቱ ውሃው እግሯን ሲነካት ሳታስበው ጮኸች። አባቷም አብሮ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅሽም፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። አንቺ አባባን አገላብጠሽ በምታጥቢበት ሰዓት እኔ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ደስ ብሎኛል። ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይኸው ነው።

ስንመለስ ደውዬ ልነግርሽ ስልክ ሳነሳ ባሌ ከእጄ ወሰደው። «ጻፊላት። በስልክማ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። አሥር ቀን ሙሉ እየጻፍኩ ስቀድ ቆይቼ ነው ይህችን የጨረስኳት። ሰኞ ወደ እናንተ በሚመጣ የባሌ ጓደኛ እጅ ትደርስሻለች።

ደቂቃን በድጋሚ ፈቃድ ጠየቅኳት። ዘጠኙን ቀን ጨርሼዋለሁና ምን ፊት ይዤ እንደገባሁ አንቺው ገምቺው። የአባባን ነገር ስነግራት «ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ዘጠኝ ቀን አልልሽም ነበር» አለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእኔን ተራ ልትሸፍን ተስማማች። ነሐሴ ሦስት ቀን እደርሳለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አለሁ። ጥያቄን ይዣት እመጣለሁ፤ ድቡልቡል ከአባቱ ጋር ይቀራል። ለእኔ ብለሽ ምንም እንዳታሰናጂ፤ አልጋም እንዳታነጥፊ። የአባባን መድኃኒት ሰዓት ብቻ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊልኝና ወጌሻዋ ዘንድ ሂጂ፣ ሂጂና ተኚ። አባባ ባያውቀኝም ግድ የለም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ልትቆጪኝ መብትሽ ነው፤ ግን በስልክ እንዳይሆን። በስልክ ከተቆጣሽኝ ራርተሽ ቶሎ ትተዪኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ፊቴን እያየሽ ተቆጪኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ ጥያቄ አጠገቤ ቁጭ ብላ እግሯን እያወዛወዘች ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። እንደዋሸሁሽ ነገርኳት። «አክስቴ ትቆጣለች?» አለች። «ትቆጣለች» አልኳት። «ከዚያስ?» አለች። «ሄደን እናያለን» አልኳት።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ለመምህሩ ባልሽ፣ ቤቱ ሆስፒታል ሲሆን አንድም ቀን ላላጉረመረመው፣ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁን ልጅሽን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አክስትህ ትኮራብሃለች በዪው። ሳቂታዋን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አባባን ስታጥቢ ውሃ የምትቀዳልሽን ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ስመጣ እግሯ ላይ ወድቄ አመሰግናታለሁ በያት። ባሌ ይቅርታ ብሎሻል፤ በማያውቀው ነገር ስለተቀየመሽ። ድቡልቡል ባልዲውን ልኬላታለሁ ካላልሽልኝ ብሎ እያለቀሰ ነውና እንደላከልሽ ቁጠሪው።

በደለኛዋ ታናሽ እህትሽ

ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ሐምሌ 15 ቀን